አባቴ የመሰከረብኝ ቀን

ታላቅ ወንድሜ የሞተው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ ወባ ይሁን ሌላ ትኩሳት ያወቀ የለም። አባቴ ግን ይህን አይቀበልም። ለአባቴ ልጁ የሞተው በጥምቀት ዕለት፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ፣ አንድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ «ይህን የመሰለ ጎበዝ የማን ልጅ ነው?» ብሎ የጠየቀ ጊዜ ነው። የአገሩ ሰው እየተሻማ የማን ልጅ እንደሆነ ነገረው። አባቴ እንግዳውን ይቅር ብሎታል፤ እነዚያን ሰዎች ግን እስኪሞት ድረስ አልማራቸውም። «እንግዳ ምን ያውቃል? አፉን መዝጋት የነበረበት የእኛ ሰው ነው» ይል ነበር።

ከእሱ በፊት ደግሞ ሌላ ልጅ ቀብሯል። ገና ዳዴ ሲል አንዲት ጎረቤት «ሲያምር» ብላበት ነው ይባላል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በቤታችን ደግ ቃል ሳልሰማ አደግሁ። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ስመጣ አባቴ «የቀሩት ምን ያህል ቢደነቁሩ ነው?» ይላል። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት፤ ይህች አክስቴ ሰው ፊት «አመዳሙ» ሳትል ጠርታኝ አታውቅም። ሰድባኝ ስታበቃ ከእርጎው ወፈር ያለውን የምትቀዳው ግን ለእኔ ነበር። ልጅም ሆኜ የስድቡን ትርጉም አውቅ ነበር። በእኛ ቀዬ የሚወዱትን ሰው ባዕድ ፊት ያጥላሉታል፣ ዓይን እንዳያርፍበት። ሲሞት ያመሰግኑታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምን ያገኘዋል?

እዚያው ለኖረ ሰው ይህ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። እኔ የተቸገርሁት ዩኒቨርሲቲ በመግባቴ ነው።

አዲስ አበባ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስይዝ የትምህርት ክፍላችን ጥቂቶቻችንን አስቀረን። እያስተማርን ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት እንድንሠራ ነው። ነገሩ ገና ጅምር ስለነበር ደንቡ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ያልተለወጠው አንዱ ብቻ ነው። በጥናቱም በማስተማሩም ከሌሎቻችን የበለጠው በምረቃ ቀን በሕዝብ ፊት ይሸለማል። ሽልማቱ ሣጥን ውስጥ የተኛ ሜዳይ ነበር፤ ለሜዳዩ ግን ማናችንም ግድ አልነበረንም። የተሸለመው ባሕር ማዶ ሄዶ ትምህርቱን ይጨርስና ተመልሶ የዩኒቨርሲቲው መምህር ይሆናል። ያልተሸለመው ውሉ ያልቃል፣ ጥናቱም ከደረሰበት ይቆማል፣ እሱም ትምህርት ሚኒስቴር ወደ መደበው ይሄዳል። እኔ ጥናቴን ጨርሼ እዚያ ማስተማር ፈለግሁ። በሕይወቴ ሌላ ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

ጥናቴ ስለ ቀርቀሃ ነበር። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እንጅባራን ያላየ ይስቃል፤ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ቀፎው፣ መሰላሉ፣ ቅርጫቱ ሁሉ ቀርቀሃ ነው። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ቀርቀሃው እየሳሳ ነበር። ሰው የሚቆርጠው ለመንገድ የቀረበውን ነው፤ የቀረበው ደግሞ ገና ለጋ ነው፤ ያረጀው መሐል ቆሞ ይበሰብሳል። እኔ እያንዳንዱን አገዳ እንደ ዕድሜው ቀለም እየቀባሁ ሁለት ክረምት ተከታተልሁት። ቡቃያውን የሚያጠባው ለጋው እንደሆነ፣ ለጋውን የቆረጠ ሰው የሚመጣውን ዓመት ቀርቀሃ አብሮ እንደሚቆርጥ ለየሁ። ጥቂት ቤቶችን ለምኜ ያረጀውን ብቻ እንዲቆርጡ አደረግሁ፤ የመጀመሪያው አባቴ ነበር። በሁለተኛው ክረምት የአባቴ ቀርቀሃ ፍየል የማያሳልፍ ሆነ። ያን ቀን እንደ ኮራሁ ከዚያ ወዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ለጥናቱ እንዲቀርበኝ ማስተማሩን ዳንግላ ትምህርት ቤት መደቡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተጭኜ እንጅባራ እመጣለሁ። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ቤታቸው የሚያወሩት አገውኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ አማርኛው ሲወርድባቸው ድምፃቸው ይጠፋል፤ መምህራኑም ደነዝ ናቸው ብለው ደምድመዋል። እኔ ትምህርቱን መጀመሪያ በአገውኛ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ዳይሬክተሩ ግን በበሩ ሲያልፍ የማይሰማ ይመስል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ደነዝ የተባሉት ልጆች የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ሲያልፉ መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ።

በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ የክፍላችን ኃላፊና አንድ ፈረንጅ መምህር ሊያዩኝ እንደሚመጡ ዳይሬክተሩ ነገረኝ። ትምህርቴን ያያሉ፣ ቀርቀሃውን ያያሉ፣ በመጨረሻም የአገሩን ሰው ይጠይቃሉ። ኃላፊው «ሕዝብ ያልመሰከረለት ጥናት ጥናት አይደለም» የሚላት አባባል ነበረችው። እኔ በዚህች አባባሉ እወደው ነበር።

በዚያው ቅዳሜ አባቴን ደጃፍ ላይ አገኘሁት።

«አባየ፣ ስለ እኔ ሊጠይቁ ሰዎች ይመጣሉ» አልሁት።

«ምን ብለው?»

«ልጁ ምን ሠራ፣ አገር ጠቀመ ወይ፣ ያስተምራል ወይ ብለው።»

«ጥሩ ነው ካልን ምን ያደርጉሃል?»

«ባሕር ማዶ ይልኩኛል። ተምሬ እመለሳለሁ።»

አባቴ «የማን አገር ሰዎች ናቸው?» አለኝ።

«አንደኛው የሸዋ ሰው ነው። ሁለተኛው ፈረንጅ ነው።»

«ፈረንጁ ዓይኑ እንዴት ያለ ነው?»

«ሰማያዊ ነው፤ ምነው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው።»

«አባየ፣ እባክዎ ያዩትን ብቻ ይንገሯቸው። የቀርቀሃውን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደ ወትሮው እንዳያደርጉብኝ።»

«ለእኔ ተወው» አለኝ።

ልቤ ተረጋግቶ ሄድሁ። አባቴ ለእኔ ተወው ያለውን ነገር አጓድሎ አያውቅም። ያን ጊዜም አላጓደለም።

ሰዎቹ በላንድሮቨር መጡ። ዳንግላ ላይ ጠዋቱ እንደተመኘሁት ሆነ። ፈረንጁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ከልጆቹ ጋር ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ አንዲት የገጠር ልጅ ወጥታ የቅጠልን ሥራ በአገውኛም በአማርኛም ስታስረዳ ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ስንደርስ ካፊያ ነበር። ፈረንጁ የአባቴ ቀርቀሃ ውስጥ ሊገባ ሞክሮ ትከሻው አላልፍ አለውና ሳቀ። ኃላፊው እጄን ጨበጠኝ። «ሥራ ማለት ይህ ነው» አለኝ። የቀረው የሕዝቡ ቃል ብቻ ነበር።

የአገሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቧል። ከፊት አባቴ የታጠበ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል፤ ከጎኑ የቀዬው ጭቃ ሹም፣ ከኋላ አክስቴ ከሴቶቹ ጋር። ኃላፊው «ምስክር ሲሰማ ባለጉዳዩ አይቆምም» ብሎ እኔን መኪናው ጋ አስቀረኝ። የእኛ ሰው ግን እንግዳ ጆሮው የማይሰማ ይመስል ጮክ ብሎ ነው የሚያናግረው፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«አባት፣ ይህን ልጅ ያውቁታል?» ሲል ኃላፊው አባቴን ጠየቀ። አባቴ መሆኑን አላወቀም፤ አባቴም አልነገረውም።

«እንዴት አናውቀው? እዚሁ አይደል የበቀለ።»

«ቀርቀሃውን በጥናቱ አበዛው ይባላል።»

«ቀርቀሃ ዝናብ ሲኖር ይበቅላል ጌታው፣ ዝናብ ሲጠፋ ይጠፋል። እሱ ቀለም እየቀባ ሲዞር ነው እኛ የምናየው። መጀመሪያ ከብቶቹ ይደነብሩ ነበር፣ አሁን ለመዱት።»

ሰው ሳቀ። እኔ መኪናውን ተደገፍሁ።

«ልጆችስ እንዴት ያስተምራል?»

«እሱ ምን አውቆ ያስተምራል? ራሱ እንኳ አፉን አልፈታም። አገውኛውን ከአማርኛ እያደባለቀ ነው የሚያወራ።»

ጭቃ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ አንድ ነገር ይልልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ፈተናውን ካለፉት መሐል አንዷ ዳንግላ ዘመድ ተጠግታ የምትማረው የእሱ ልጅ ነበረች፣ ያለፈችም ዕለት ቤቱ ወስዶ በሁለት እጁ ጠላ ቀድቶልኝ ነበር። «የእኔም ልጅ አለፈች ይባላል» አለ ጭቃ ሹሙ። «ፈተናው ቢቀል ነው። እሱ እንኳ የሚረባ ሰው አይደለም።»

አክስቴ ደግሞ ከኋላ ሆና፣ ሳትጠየቅ፣ «አመዳም ነው» አለች። «ይዛችሁት ብትሄዱ እህል ነው የሚፈጅባችሁ።»

ኃላፊው ለፈረንጁ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ፈረንጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ በሰማያዊ ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ምቀኝነት ሳይሆን ሐዘኔታ ነበር። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። አባቴ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ። ፊቱ ጥጃውን ከጅብ በፊት ያስገባ ሰው ፊት ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ተናገርሁ። ልማዱን አስረዳሁ፤ ስለ ዓይን፣ ስለ ወንድሞቼ፣ ስለ አክስቴ እርጎ ሳይቀር ነገርኋቸው። አባቴን ስጠቅስ ኃላፊው ከፊት ወንበር ዞረ።

«ያ ሽማግሌ አባትህ ነው?»

«አዎ።»

«ይህን ያለህ የገዛ አባትህ ነው?»

ያን ጊዜ ነገሩ ጨርሶ እንደከፋ ገባኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ከአባት አፍ የወጣ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔም የገጠር ልጅ ነኝ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «እናቴ ግን እንግዳ ፊት አዋርዳኝ አታውቅም። የማቀርበው የተባለውን ነው፤ ያልተባለውን ከየት ላምጣልህ?» ፈረንጁ ምን እንደምል ጠየቀ፤ ተነገረው። ጥቂት አሰበና ይህ ልማድ ራሱን የቻለ ጥናት ነው አለ። ጥናቱን ማን እንደሚሠራው አላለም።

በምረቃው ቀን ስለ ስንዴ ያጠናው ጓደኛችን ተሸለመ። ዘመዶቹ ከአገሩ በአውቶቡስ መጥተው ነበር፤ ስሙ ሲጠራ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አባቱ ቆሞ «የእኔ አንበሳ» እያለ አለቀሰ። ጥሩ ተማሪ ነበር፣ ጥናቱም ጥሩ ነበር፤ አጨበጨብሁለት። ከእኔ ጥናት ግን አይበልጥም ነበር። ይህን አሁንም እላለሁ፤ አባቴ የከለከለኝን አንዲት ቃል ለራሴ ብላት ማን ይሰማኛል? የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ ምንጩ ከእኛ ሩቅ አይደለምና የሌላ ሰው ተረት ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ሚኒስቴር የመደበኝ ዳንግላ ነው። አገሩን ያውቀዋል ብለው ውለታ የዋሉልኝ መስሏቸዋል።

እንጅባራ ስደርስ አባቴ በግ አረደ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። «ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር፣ አስጣልነው» ይላል እየዞረ። ጭቃ ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ አክስቴ ከጉበቱ ቆርጣ በእጇ አጎረሰችኝ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር፣ እንደዚያ ቀን ተደስተው አላየኋቸውም። እኔ ጎረስሁ። ሰው ሲበተን ግን አልቻልሁም።

«አባየ፣ እርስዎ ገደሉኝ» አልሁት።

ቢላዋውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። «እኔ ሁለት ልጅ ቀብሬአለሁ» አለኝ። «የሞተ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንተ ተቀምጠህ ሥጋ ትበላለህ።»

 

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ብዙ ሰው ኖሮታል፣ እኔም ከመሐላቸው አንዱ ነኝ። ዳንግላ አስተማርሁ። የቀረው ጥናት በየምሽቱ ይጠራኝ ነበር፤ ቀስ እያለ መጥራቱን ተወ። ዳይሬክተሩ ተለወጠ፤ አዲሱ ዳይሬክተር ክፍል ውስጥ አገውኛ እንዳይሰማ አለ። ልከራከረው ይገባ ነበር፤ «እሺ» አልሁት፣ ደክሞኝ ነበር። ልጆቹ እንደገና ድምፃቸው ጠፋ። ቀለም የቀባሁት ቀርቀሃ በዝናብ ታጠበ፤ የትኛው አገዳ በየትኛው ዓመት እንደበቀለ እኔም መለየት አቃተኝ። ሰው ተመልሶ ለመንገድ የቀረበውን መቁረጥ ጀመረ፤ የአባቴ ብቻ እንዳለ ቆመ። አንዳንድ ጊዜ ከጠጅ ቤት ወጥቼ ዝናብ ይዞኝ ታዛ ሥር ስጠለል፣ አሁን ዓይን ቢያርፍብኝ ምን ላይ ያርፋል እያልሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። ተስፋ መቁረጥ የሚያስለቅስ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ ነው የሚያሰኘው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴ አንድ ክረምት እንደወጣ ሞተ። ሳልነግረው የቀረ ነገር የለም፤ ሁሉንም በጉ የታረደ ማታ በአንድ ቃል ነግሬው ነበር፣ እሱም መልሶልኛል። በመጨረሻው ሰሞን ሌት ተቀን አጠገቡ ነበርሁ። እጄን ይዞ «አለህ?» ይለኛል፤ «አለሁ» እለዋለሁ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ለቅሶው ከወንድሜ ወዲህ ያልታየ ነበር። ከዙሪያው አገር፣ ከአዲስ ቅዳምም ከግምጃ ቤትም ሰው መጣ። ፈረሱን ሸልመው፣ ጋቢውንና ጦሩን ኮርቻው ላይ አድርገው፣ ሜዳውን እያዞሩ ለለቀስተኛው አሳዩት። ሙሾ አውራጇ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች፣ ድምፀ መረዋ ሴት ናት። አንዴ በአገውኛ፣ አንዴ በአማርኛ ታወርዳለች። እርሻውን አነሳች፣ ደግነቱን አነሳች፣ የቀበራቸውን ልጆች አነሳች። ከዚያ በሕይወት ወዳለው ልጁ መጣች።

ቀርቀሃው ሲመናመን ሲራቆት ሰፈሩ፣
ያንተ ልጅ አይደል ወይ የደረሰ ላገሩ።

ቀና አልሁ። ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ «እውነት ነው» ይላል። ጭቃ ሹሙ አንገቱን ይነቀንቃል፣ እንባው ይወርዳል።

አማርኛ ጠፍቶት ለቆመ ከደጅ፣
በር የከፈተለት ያንተ አይደል ወይ ልጅ።

ይቺ ሴት ከሩቅ ነው የመጣችው፣ እኔን አታውቀኝም። ለሙሾው ምን እንደምትል የነገሯት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ማታውን ከብበው፣ እያንዳንዱን ነገር ቆጥረው ነግረዋታል። የትኛውን አገዳ ቁረጡ፣ የትኛውን ተዉ እንዳልሁ፣ በየትኛው ክረምት ቡቃያው እንደወጣ፣ የማን የማን ልጅ በእኔ ትምህርት እንዳለፈ፣ ሁሉም ነበረበት። አንዲት ነገር አልጎደለችም። ጥናቴን እኔ እንኳ ረስቼው ነበር፤ እነሱ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። ያን ግንቦት እዚያ አጥር ሥር ከዚህ ሁሉ አንዷን ስንኝ ብቻ ቢሏት ኖሮ አልሁ። አለቀስሁ፤ ሰዎች ለአባቴ የማለቅስ መስሏቸው ያዙኝ።

አክስቴ በጣም አርጅታ ነበር። ሰው እየገፋች መጣችና ነጠላዋን ራሴ ላይ ጣለችብኝ፣ ፊቴን ሸፈነችው።

«ተይ አንቺ» አለቻት ሙሾ አውራጇን። «ልጁ በሕይወት አለ። ምን ያውቅና ነው? አመዳም ነው።»

ተያት፣ ትቀጥል፣ ከእንግዲህ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለኝም ልላት ፈለግሁ። የአክስቴ እጅ ግን በነጠላው ላይ አናቴን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበርና ከሥሩ አልወጣሁም። ሙሾ አውራጇም እኔን ትታ ወደ አባቴ በሬዎች ተሻገረች።